ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ በኅብረት መጓዝ

በየቁምስናችን ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። በመጠጥ የተቸገረ ወንድማችን በበዓል ቀን በመሠዊያው ፊት ቆሞ «ከእንግዲህ አልቀምስም» ብሎ ይሳላል። ጥቂት ሳምንታት ጸንቶ ይቆይና በአንድ ሠርግ ወይም ተዝካር ላይ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ሲሉት ይሸነፋል። ቃሉን ስላፈረሰም ያፍራል፤ ከቅዳሴ ይቀራል፤ ከንስሐ አባቱም ይሸሻል። እንግዲህ ብቻውን የገባው መሐላ ያልቻለውን ነገር ምን ሊያግዘው ይችላል? በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንን ነው።

ኃጢአት ነው ወይስ ሕመም?

ቤተ ክርስቲያን ከመጠን ያለፈ መጠጥ ራስን የመግዛትን በጎነት የሚቃረን መሆኑን ታስተምራለች (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁ. 2290)። ነገር ግን ሥር የሰደደ ልማድ የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንስ እንደሚችልም ትገልጻለች (ቁ. 1735)። ስለዚህ በሱስ የተያዘ ሰው ንስሐም ሕክምናም ያስፈልገዋል። በተለይ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታን የሚመስል መንዘፍዘፍና የአእምሮ መሳት ሊደርስበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል።

የኅብረቱ አጀማመር

እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ለንግድ ሥራ ወደ አክሮን ከተማ ሄዶ ሳለ የመጠጥ ፈተና ጸናበት። መጠጥ ቤት በመግባት ፈንታ እንደ እርሱ በመጠጥ የሚሠቃይ ሰው ፈለገና ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ከሁለቱ ጭውውት «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው፣ ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ኅብረት ተወለደ። ካቶሊካውያንም ከጥንቱ ጀምሮ ረድተውታል። ሲስተር ኢግናሲያ ከ1939 ጀምሮ በአክሮን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ከዶክተር ቦብ ጋር ሕሙማኑን ተቀብላ አስታመመች። ኢየሱሳዊው አባ ኤድዋርድ ዳውሊንግም ከ1940 ጀምሮ የቢል መንፈሳዊ ወዳጅና አማካሪ ሆኑ።

ስብሰባው ምን ይመስላል?

ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። የአባልነት ክፍያ የለም፤ ወጪው አባላቱ በፈቃዳቸው በሚሰጡት ይሸፈናል። «ዝግ» የሚባለው ስብሰባ ለራሳቸው ለችግሩ ባለቤቶች ነው፤ «ክፍት» ወደሚባለው ግን ቤተሰብም ካቴኪስትም ሊገባ ይችላል። ተሰብሳቢው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ተናግሮ የደረሰበትን ይመሰክራል፤ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ለመናገር ያልፈለገ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል። አዲስ የመጣውን ቀደም ብሎ ከመጠጥ የተላቀቀ አባል እንደ ታላቅ ወንድም ይከታተለዋል። የዕድሜ ልክ መሐላ አይጠየቅም፤ የሚባለው «ዛሬን ብቻ አልጠጣም» ነው።

ኅብረቱ የማንም ሃይማኖት አይደለም፤ ምእመኑም እምነቱን እንዲተው አይጠይቅም። ከአሥራ ሁለቱ ደረጃዎች አንዱ በደልን ለሌላ ሰው መናገርን ቢያዝዝም ይህ ምስጢረ ንስሐን አይተካም፤ ፍትሐትን የሚሰጥ ካህን ነውና።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስብሰባ የሚደረግበትን ቦታና ሰዓት በኅብረቱ የስልክ መስመር ጠይቀው ሊያገኙ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ስብሰባዎች የሚካሄዱትም በአብያተ ክርስቲያናት አዳራሾች ነው። ከ2020 ወዲህ በኢንተርኔት የሚደረጉትም በዝተዋል። በአቅራቢያ ምንም ከሌለ፣ ከመጠጥ ለመራቅ የሚሹ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ተሰብስበው ሊጀምሩ እንደሚችሉ የኅብረቱ ደንብ ይፈቅዳል። የቁምስናው አዳራሽ በሳምንት አንድ ሰዓት ቢከፈትላቸው ታላቅ ምጽዋት ነው።

የእኛ ድርሻ

አንደኛ፣ የሰማነውን እንጠብቅ፤ ማን እንደመጣ ለጎረቤት መንገር በሩን በሌሎች ላይ መዝጋት ነው። ሁለተኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄደውን እስከ ደጃፉ እንሸኘው፤ ከሁሉ የሚከብደው ያ ደጃፍ ነውና። ሦስተኛ፣ በማኅበርና በድግስ ከጠላውና ከጠጁ ጎን ውኃና ያልፈላ ብርዝ በእኩል ክብር እናቅርብ፤ «በሞቴ» ማለትንም እንተው። አራተኛ፣ የወይኑ ጣዕም የሚያሰጋው ምእመን አስቀድሞ ለካህኑ ቢነግር በኅብስቱ ብቻ ሊቆርብ ይችላል፤ ክርስቶስ በኅብስቱ ብቻ እንኳ ሙሉ ነውና። አምስተኛ፣ ሚስትንና ልጆችን አንርሳ፤ ለእነርሱ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተ «አል-አኖን» የተባለ የራሳቸው ኅብረት አላቸው።

ወድቆ የተመለሰውንም አንቁጠርበት። የደብሊኑ የቀን ሠራተኛ ማት ታልቦት በ1884 ከመጠጥ ሲለይ በመጀመሪያ ቃል የገባው ለሦስት ወር ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ለስድስት ወር፣ በመጨረሻም ለዕድሜ ልኩ። በ1925 እስኪሞት ድረስ ጸና፤ ቤተ ክርስቲያንም በ1975 «ክቡር» ብላ ሰየመችው። ከአጭር ቃል ተነሥቶ ረጅም መንገድ ተጓዘ። በየሰፈራችን ያለውም ወንድም ዛሬን ብቻ እንዲጀምር እንርዳው።

ለውይይት

1. በቁምስናችን በመጠጥ ምክንያት ከቅዳሴ የቀረ ሰው ቢኖር፣ ሳናሳፍረው እንዴት እንቀርበዋለን?
2. በድግሶቻችን ላይ የማይጠጣን ሰው የሚያስጨንቁት የትኞቹ ልማዶች ናቸው?
3. ለእንዲህ ያለ ስብሰባ አዳራሻችንን ለመክፈት ምን ይጎድለናል?