የፈታነውን እንዴት መልሰን እንገጥማለን?
(በቤት ውስጥ ስለሚደረግ የብስክሌት ጥገና አጭር ትምህርት)

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። እኛ ግን አፍሰን መልቀሙም በቅጡ አልሆነልንም። በግንቦት ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ ለማስተማር ልምምድ የምንመላለስበት ብስክሌት የኋላ ጎማው ግራና ቀኝ እየተወላገደ አስቸገረን። እኛም መብራት በጠፋበት ማታ፣ በእጅ ባትሪ፣ ግቢው መሬት ላይ ፈታነው። የኩችኔታው ብዮች ጭቃ ውስጥ ተበተኑ። ከ18ቱ 16ቱን አገኘን፤ እነሱንም በደንብ ሳናጥብ ገጠምናቸው። ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ እንደ ሞረድ ሆኖ የጎማውን እምብርት በላው። ከዚያ በኋላ በእግር ሆነ። ታዲያ ብስክሌቱስ ይሁን፤ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ሦስት ቀን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር ማሳለፋቸው ነው የሚቆጨን። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ለእኛ አካባቢ ይበልጥ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መነሻነት በተቋቋመው የጋምቤላ ንግድ ጣቢያ መርከብ የሚደርሰው ባሮ በሚሞላበት ወራት ብቻ ነበር። ዛሬ ዕቃ በመኪና ይመጣል፤ ቢሆንም ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነገ ጆር ወይም ጎግ ለሚመደብ መምህር ደግሞ አንዲት ዳዶ ጠፋች ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ስለሆነም የሚከተሉትን እንልመድ።

1ኛ/ ቦታና ጊዜ። ሥራው በቀን፣ በረንዳ ላይ ወይም ጥላ ሥር ይጀመር። ነጣ ያለ ማዳበሪያ ወይም አሮጌ አንሶላ ሳይነጠፍ አንድም ነገር አይፈታ።

2ኛ/ መሣሪያ። ቁልፉ፣ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው ከመጀመራችን በፊት ይቆጠሩ፤ ስንጨርስም እንደገና ይቆጠሩ። ከጎረቤት የተዋስነው ለብቻው ይቀመጥ። ሳይመለስ የቀረ ቁልፍ ጉርብትና ያበላሻል።

3ኛ/ ቅደም ተከተል። የተፈታው ሁሉ በተፈታበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደርደር፤ ዳዶው፣ ሮንዴላው፣ ሾጣጣው ዳዶ፣ ብዮቹ። የፔርኖው የግራና የቀኝ ዕቃ አይቀላቀል፤ አብረው የኖሩ አብረው ተላልሰዋልና። ስልክ ያለው ፎቶ ያንሳ፤ የሌለው በወረቀት ይሳል።

4ኛ/ ቁጥር። በብዙ ብስክሌቶች የኋላው እምብርት በየጎኑ 9 ብይ አለው፤ የአንዱ ስፋት 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። የፊተኛው በየጎኑ 10 ሲሆን፣ ስፋቱ 4.76 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ በአንድ ጣሳ አይጨመሩ። የእንቁላል ካርቶን ለዚህ እንደተሠራ ያህል ይመቻል።

5ኛ/ የግራው ፔዳል። ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። የሚፈታው ሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚታገል ሰው እያጠበቀው መሆኑን ልብ ይበል።

6ኛ/ እጥበት። ብዮቹ በናፍጣ ይታጠቡ፣ በጨርቅ ይድረቁ። ቤንዚን ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ ፈጽሞ አይቅረብ። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን በውኃ ፕላስቲክ አይቀመጥ፤ በጋምቤላ ሙቀት ከጨዋታ የተመለሰ ሕፃን ጠርሙስ ካየ አሽትቶ አይደለም የሚጠጣው።

7ኛ/ መግጠም። ግራሶ ይቀባና ብዮቹ እላዩ ላይ ይለጠፉ፤ አይወድቁም። ከዚያ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየለቀምን እንግጠም። ሾጣጣው ዳዶ የሚጠብቀው ጎማው መወላገዱን እስኪተው፣ ግን በነፃ መሽከርከሩን ሳያቆም ነው። በመጨረሻ ማዳበሪያው ላይ የተረፈ ነገር ካለ «ትርፍ ነው» ብለን ኪስ አንክተተው፤ ተመልሰን እንፈትሽ።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ ይህ ሥራ ከትምህርት ዕቅድ አይለይም። ተራውን ያልያዘ መምህር ክፍል ውስጥ ብዙ ይበትናል፤ የሚለቅሙት ግን ተማሪዎቹ ናቸው። እኛም የተበላሸውን እምብርት አጥበን ለመርጃ መሣሪያ አስቀምጠነዋል። ለእነዚያው ልጆች 9 በግራ፣ 9 በቀኝ፣ ድምሩ ስንት ነው ብለን ልንጠይቅበት ነው። ሁለቱ ለምን እንደጎደሉ ከጠየቁንም እውነቱን እንነግራቸዋለን።