የወተት ጥርስና የቤተሰብ ልማድ፦ መከላከል ከየትኛው ዕድሜ ይጀምር?

መግቢያ

የሕፃናት የጥርስ መቦርቦር ብዙውን ጊዜ ትኩረት የሚያገኘው ሕመሙ እንቅልፍና ምግብ ሲከለክላቸው ነው። መነሻው ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ በቤት ውስጥ የሰፈነ ልማድ ነው። ይህ ጽሑፍ የቤተሰብ ሁኔታ በልማድ አማካይነት የሕፃናትን ጥርስ እንዴት እንደሚጎዳ ይመረምራል፤ የመከላከል ትምህርት ለመስጠት የሚበጀውን ጊዜም ይጠቁማል።

የአመጋገብ ልማድ

የመጀመሪያዎቹ የወተት ጥርሶች በአብዛኛው በ6 ወር ገደማ ይበቅላሉ፤ በ3 ዓመት ገደማ 20ውም ይሟላሉ። ኢናሜላቸው ከቋሚ ጥርስ ይልቅ ስስ በመሆኑ መቦርቦሩ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የኢናሜልን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ይህን ጉዳት ለመጠገን ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለሆነም የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚወሰድበት ድግግሞሽና ሰዓትም ወሳኝ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ፣ ስኳር የተጨመረበት ወተት ወይም ሻይ በጡጦ እየጠባ የሚያንቀላፋ ሕፃን በተለይ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ይጎዳሉ።

የቤተሰብ ሁኔታ

የወላጆች ገቢና የትምህርት ደረጃ ተጽዕኖ የሚያሳድረው በዕለታዊ ውሳኔዎች በኩል ነው። የተሻለ ገቢ የጥርስ ሳሙናና ሕክምና ለማግኘት ያስችላል፤ በከተማ ግን ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥም ወደ ቤት ያስገባል። በመሆኑም ድህነትን ብቸኛ መንስኤ ማድረግ በቂ ማብራሪያ አይሆንም። እምነትም የራሱ ድርሻ አለው። «የወተት ጥርስ ወዳቂ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ሕክምናን ያዘገያል። ይሁንና የወተት መንጋጋ ያለጊዜው ሲነቀል አጎራባች ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ስለሚያዘነብሉ ተተኪው ቋሚ ጥርስ ቦታ ሊያጣ ይችላል። በአንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ ተቅማጥንና ትኩሳትን ለማዳን በሚል ገና ያልበቀለ ጥርስ ከሕፃናት ድድ ይወጣል፤ ይህም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሽ ይችላል።

የመከላከል ጊዜ

በኢትዮጵያ የ1ኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት ሲሆን የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ የሚበቅለው ግን በ6 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት የሚጀመር ትምህርት ዘግይቶ ይደርሳል። በአንጻሩ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ስለሚሰጥ ቤተሰብን ከጤና ባለሙያ ጋር በወቅቱ ያገናኛል። ባለሙያው የሕፃኑን የላይኛ ከንፈር ገለጥ አድርጎ በድዱ ጠርዝ ያለውን ነጭ መስመር መመልከት ይችላል፤ ይህ መቦርቦር ከመጀመሩ በፊት የሚታይ ምልክት ነው። ለቤተሰቡም ሦስት ምክሮች ይበቃሉ፦ ጡጦን ከመኝታ መለየት፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ መጠቀም፤ ማታ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ከውኃ በቀር ጣፋጭ ነገር አለመስጠት። አዋቂዎች የለመዱት መፋቂያ ለዚህ ዕድሜ አይመችም።

ማጠቃለያ

የቤተሰብን ገቢ በአጭር ጊዜ መለወጥ ያዳግታል፤ የመኝታ ሰዓት ልማድን መለወጥ ግን ይቻላል። ምክሩ በእናት ብቻ ሳይወሰን ሕፃኑን ለሚያውሉ አያቶችና ሞግዚቶችም ሊደርስ ይገባል።