ውሻ ያቀፈው ልጅ ሥዕል ዕድሜው ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ውጭ የምትኖር እህቴ ውሻ ያቀፈ ሕፃን የሚታይበት የዘይት ቀለም ሥዕል ላከችልኝ። ሻጩ «የ200 ዓመት የዴንማርክ ሥራ ነው» ብሏታል። እንዴት ላረጋግጥ? (ከሲሪንቃ)

መልስ፦ እንዲህ ያለ ሥዕል መኖሩ አያስገርምም። የኮፐንሃገኑ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የተመሠረተው በ1754 እ.ኤ.አ. ነው። ዴንማርካዊው ሠዓሊ ዬንስ ዩል (1745–1802) የባለጸጎችን ቤተሰብ ከነልጆቻቸው ይስል ነበር። ሌላው ዴንማርካዊ ሠዓሊ ኤከርስቤርግም ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ዳቪድ ተምሮ ተመለሰና የጠራ መስመርን፣ የረጋ ብርሃንን አስተማረ።

ምርመራው ከሥዕሉ ጀርባ ይጀምር። ሸራው በምስማር ነው ወይስ በስቴፕለር የተወጠረው? እንጨቱ በዕድሜ ጠቁሯል? የቆየ የጨረታ ወረቀት ተለጥፎበታል? ፊቱ በማጉያ መነጽር ሲታይ እኩል የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካሉት የማተሚያ ሥራ ነው።

ወሳኙ ግን ነጩ ቀለም ነው። ቲታኒየም ነጭ ለሠዓሊዎች ገበያ የቀረበው ከ1910ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለሆነ፣ ቤተ ሙከራ በመጀመሪያው የቀለም ንብር ላይ ካገኘው የሻጩ ቃል ፈረሰ።

እባክዎ በውኃና በሳሙና አይጠቡት፤ ዘይትም አይቀቡት። ከፀሐይና ከማድ ቤት ጭስ አርቀው ያኑሩት።