ነጋዴ የገዛት ከተማ፦ ቬኒስን ለሚጎበኝ ሰው

ቬኒስ ለመግባት ይከፈላል። ከ2024 ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕዝብ በሚበዛባቸው የተመረጡ ቀናት፣ አድሮ ሳይሆን ውሎ ለመመለስ የሚመጣ ሰው 5 ዩሮ ይጠየቃል፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ቀደም ብሎ ያልተመዘገበ 10 ዩሮ። ከተማው ውስጥ የሚያድር ከክፍያው ነፃ ነው፤ ሆኖም በኢንተርኔት መመዝገብ አይቀርለትም። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚለያዩ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ብዙ ጎብኚ በዚህ ያጉረመርማል። የከተማዋን ታሪክ የሚያውቅ ግን አይደንቀውም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ካዝናውን ባራቆተው ጊዜ ይኸው የቬኒስ መንግሥት የመኳንንትነት ማዕረግን ራሱን በ100,000 ዱካት ለገበያ አቅርቦ ነበር።

ስለ ጎንዶላና ስለ ጭምብል የሚያወራ መመሪያ ሞልቷል። ቬኒስን ከሌሎቹ የጣሊያን ከተሞች የሚለያት ግን ውኃው ብቻ አይደለም። ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ንጉሥ ሳይነግሥባት፣ ከሐር፣ ከቅመማ ቅመምና ከጨው በሚገኝ ትርፍ የኖረች፣ ነጋዴዎች ራሳቸው ሕግ አውጪ፣ ዳኛና የጦር አዛዥ የሆኑባት መንግሥት ነበረች። ይህ ሥርዓት በግንብ፣ በሥዕልና በድንጋይ ጽሑፍ ላይ ታትሞ ስለቀረ ጎብኚው በእግሩ እየዞረ ሊያነበው ይችላል።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚላኖ ወይም ሮም ይወርድና በባቡር ይቀጥላል፤ ከሚላኖ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሮም አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሳንታ ሉቺያ የሚባለው ጣቢያ በር ላይ መኪና የለም፤ በእግር ወይም በጀልባ ነው። አንድ ቁጥር ቫፖሬቶ፣ ማለትም የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ፣ በትልቁ ቦይ ላይ እየቆመ ስለሚሄድ ቀርፋፋ ነው፤ የባለሀብቶቹን ቤቶች ፊት ለፊት ለማየት ግን ከእሱ የተሻለ የለም። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሕዝቡ እየቀለለ ይሄዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ባሕሩ አልፎ አልፎ አደባባዩን ያጥለቀልቀዋል፤ ሞዜ የተባለው የባሕር መዝጊያ በ2020 መነሳት ከጀመረ በኋላ ችግሩ በእጅጉ ቀንሷል።

ጉብኝቱ ከዶጄው ቤተ መንግሥት ቢጀምር ጥሩ ነው። ዶጄ ማለት የሪፐብሊኩ ርእሰ መንግሥት ነው፤ ሲመረጥ ዕድሜ ልኩን ነው፣ ልብሱም አክሊሉም የንጉሥ ይመስላል። ሥልጣኑ ግን ከሚታየው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ከውጭ መንግሥታት የመጣ ደብዳቤ ያለ አማካሪዎቹ ብቻውን እንዳይከፍት፣ ሳያስፈቅድ ከከተማዋ እንዳይወጣ በሹመቱ ቀን በመሐላ ይታሰራል። የመሐላው ቃል በየጊዜው እየተጨመረበት ሄዶ መጽሐፍ አከለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ቬኒስ ውስጥ ቢነገር ኖሮ መልሱ ሕግ ነበር፦ ዶጄው ሲሞት መርማሪዎች ተሰይመው የሥልጣን ዘመኑን ይፈትሻሉ፣ ጥፋት ከተገኘ ቅጣቱን ወራሾቹ ይከፍላሉ። ከ1501 እስከ 1521 የገዛው ሊዮናርዶ ሎሬዳን፣ በሠዓሊው ቤሊኒ እጅ የተሣለው ያ ግርማ ሞገሳም ሽማግሌ፣ ልጆቹን ለዚህ ቅጣት ዳርጓቸዋል።

ጎብኚው ታላቁ የምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ ቆም ማለት ይገባዋል። 53 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሜትር ስፋት ያለው፣ መካከሉ ላይ አንድም ምሰሶ የሌለው ክፍል ነው። በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ቲንቶሬቶ ከልጁና ከረዳቶቹ ጋር የሣለው «ገነት» ተዘርግቷል። ዕድሜው ከ25 ዓመት በላይ የሆነ መኳንንት ሁሉ እዚህ የመቀመጥ መብት ነበረው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቁጥራቸው ከ2,000 በላይ ደርሷል።

ዶጄ የሚመረጥበት መንገድ ደግሞ ለጉድ ነው። በ1268 በወጣው ደንብ መሠረት ከአማካሪዎቹ በዕድሜ የሚያንሰው ወደ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይጸልይና ሲወጣ መጀመሪያ ያገኘውን ልጅ እጁን ይዞ ወደ አዳራሹ ያመጣዋል። ያ የመንገድ ልጅ ከከረጢት ዕጣ ያወጣል። 30 ሰዎች በዕጣ ይወጣሉ፤ በዕጣ ወደ 9 ይቀነሳሉ፤ ዘጠኙ 40 ይመርጣሉ፤ አርባው በዕጣ 12 ይሆናሉ፤ አሥራ ሁለቱ 25 ይመርጣሉ፤ ሃያ አምስቱ ወደ 9 ይወርዳሉ፤ እነሱ 45 ይመርጣሉ፤ አርባ አምስቱ ወደ 11፤ አሥራ አንዱ 41 ይመርጣሉ። በመጨረሻ አርባ አንዱ ተዘግቶባቸው ዶጄውን ይመርጣሉ፤ ቢያንስ 25 ድምፅ ያስፈልገዋል። አሠራሩ የእብድ ሥራ ይመስላል፤ ዓላማው ግን ግልጽ ነበር። ዕጣው በየመሐሉ ስለሚገባ ገንዘብ ያለው ሰው ማንን በጉቦ መያዝ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። ሀብታሞቹ ከድሃው ይልቅ እርስ በርሳቸው ይፈራሩ ነበር፤ የቬኒስ መንግሥት አሠራር ከላይ እስከ ታች በዚህ ፍርሃት ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀና ብሎ ከጣሪያው ሥር ያለውን ተርታ ላየ ሰው የመጀመሪያዎቹ ዶጄዎች ሥዕሎች በቅደም ተከተል ተደርድረዋል። አንዱ ቦታ ላይ ፊት የለም፤ ጥቁር መጋረጃ ተሥሎበታል። የማሪኖ ፋሊየር ቦታ ነው። በ1354 ተመርጦ በዓመቱ ሪፐብሊኩን ገልብጦ ብቸኛ ገዢ ለመሆን ሲዶልት ተይዞ አንገቱ ተቀላ። በመጋረጃው ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ ወንጀሉ የተቀላው ሰው ቦታ መሆኑን ይናገራል። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ በግንቦት 12 ቀን 1797 የናፖሊዮን ጦር ደጃፍ ሲደርስ ምክር ቤቱ ራሱን አፈረሰ፤ በደንቡ የሚያስፈልገው 600 ሰው እንኳ አልተሟላም።

ከዚህ ወደ «የአሥሩ ምክር ቤት» ክፍሎች ይታለፋል። ይህ አካል በ1310 ባያሞንቴ ቲየፖሎ የተባለ መኳንንት በመንግሥቱ ላይ ከዶለተው ሴራ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ተብሎ ተቋቋመ፤ ሪፐብሊኩ እስኪሞት ድረስ ግን አልፈረሰም። የመንግሥት ደኅንነት፣ ጆሮ ጠቢና ምስጢር የእሱ ነበር። ግድግዳው ላይ የአፍ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ይታያል፤ ዜጋው ጥቆማውን ጽፎ የሚያስገባበት ነው። ስም የሌለው ወረቀት እንዲሁ በዋዛ አይታመንም ነበር፤ ጉዳዩ እንዲታይ ጥብቅ ድምፅ ይጠየቅ ነበር። ካዛኖቫ የተባለው ጀብደኛ በ1755 በእርሳስ ከተሸፈነው ጣሪያ ሥር ባሉት የእስር ክፍሎች ተቆልፎ በ1756 ያመለጠው ከዚህ ነው። እነዚህን ክፍሎች የሚያሳየው ልዩ ጉብኝት በአስጎብኚ ብቻ ስለሆነ ቀደም ብሎ ቦታ መያዝ ግድ ነው።

ጎን ለጎን ያለው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አያስገባም፤ ነጠላ ይዛ የሄደች አትቸገርም። እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ የራሱን ታሪክ ያገኛል። የቅዱስ ማርቆስን ዐፅም በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሰርቀው አመጡት፤ የሙስሊም ጉምሩክ ሠራተኞች እንዳይፈትሹ የአሳማ ሥጋ ደርበውበት ነበር ይባላል። በግራ ዳር ካለው በር በላይ ያለው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይክ ዐፅሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ ያሳያል፤ ስርቆቱን ማንም ሊደብቀው አልሞከረም። እስክንድርያ ደግሞ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ጳጳስ ስትልክ የኖረች መንበር ናት። በ1968 ከዐፅሙ ክፋይ ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ካይሮ ላይ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግዶቹ አንዱ ነበሩ። በበረንዳው ላይ የሚታዩት አራት የነሐስ ፈረሶችም ምርኮ ናቸው፤ በ1204 ከቁስጥንጥንያ ተዘርፈው መጡ። ውጭ ያሉት ቅጂዎች ናቸው፣ ዋናዎቹ ፎቅ ላይ ናቸው።

ገንዘቡ የተሠራው ግን ሪያልቶ በተባለው ገበያ ላይ ነው። ጥንት አንድ ወጣት መርከብ ላይ ለመውጣት ሀብታም መሆን አያስፈልገውም ነበር። ባለገንዘቡ ሙሉ ወጪውን ይሸፍናል፣ ወጣቱ ባሕር ተሻግሮ ይነግዳል፣ ከትርፉ ሩቡ የእሱ ይሆናል። በዚህ ውል ብዙ ስም የለሽ ሰው ከበረ። በ1297 ግን የከበሩት በሩን ዘጉ፤ ከዚያ በኋላ የምክር ቤት አባልነት በአመዛኙ በውርስ ሆነ፣ ቆይቶም የመኳንንቱ ልደት በ«ወርቅ መዝገብ» ይጻፍ ጀመር። ለመንግሥት ማበደርም ውዴታ አልነበረም፤ ባለሀብት ሁሉ እንደ ንብረቱ መጠን ለመንግሥት እንዲያበድር ይገደድ ነበር፣ ከ1262 ጀምሮ በምላሹ በዓመት 5 በመቶ ወለድ ያገኛል፣ ሰነዱንም እዚሁ ሪያልቶ ላይ መሸጥ ይችላል። በገበያው መሐል ባለችው ትንሿ የሳን ጃኮሞ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ላይ ነጋዴው ሚዛኑን እንዳያጭበረብር፣ ውሉን እንዳያፈርስ የሚያዝ ጥንታዊ ጽሑፍ አለ። የዓሣ ገበያውን ለማየት ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በጠዋት መሄድ ነው። ጾመኛ ጎብኚ ከተማው በዓሣ እንደሚያምን አውቆ ይግባ፤ ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል የሌለበት ምግብ ሲያዝ አንድ በአንድ መናገር ይሻለዋል።

ማኅበረሰቡን በአንድ ከሰዓት በኋላ ማየት ለሚፈልግ የዶርሶዱሮ ሰፈርና አካባቢው ይበቃል። ካ ሬዞኒኮ የተባለው ሙዚየም ማዕረጋቸውን በ1687 የገዙ የውጭ ሰዎች ቤት ነው። ገንዘቡ የት እንዳደረሳቸው ለማየት ብዙ መሄድ አያስፈልግም፦ በ1758 ከቤተሰቡ አንዱ ቀሌምንጦስ 13ኛ ተብሎ የሮም ጳጳስ ሆነ። ውስጥ የሠዓሊው የጓርዲ ሥዕል አለ፤ በሳን ዛካርያ ገዳም የመኳንንት ልጆች የሆኑ መነኮሳት ከፍርግርጉ ጀርባ ሆነው እንግዳ ሲያነጋግሩ ያሳያል። ሀብት እንዳይከፋፈል ሲባል ብዙ ሴት ልጅ ሳትጠየቅ የመነኮሰችበት ዘመን ነው።

ከዚያ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቆ ሳን ባርናባ ይገኛል። እዚህ ሰፈር ደኽይተው የወረቀት መኳንንት የሆኑ ሰዎች መንግሥት በሚሰጣቸው ቤት ይኖሩ ነበር። ከርስታቸው የቀረላቸው የምክር ቤት ድምፅ ብቻ ነበርና እሱንም ለሀብታሞቹ ይሸጡት ነበር። እዚያው ቦዩ ላይ ያለው ድልድይ አራት ማዕዘኖቹ ላይ ከነጭ ድንጋይ የተሠሩ የእግር አሻራዎች አሉ። ያኔ መደገፊያ አልነበረውም፤ ካስቴላኒና ኒኮሎቲ የተባሉ የተራ ሕዝብ ጎራዎች እዚያ እየቆሙ በቡጢ ይፋለሙና የተሸነፈው ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ባለሥልጣናቱ ለረጅም ጊዜ አይተው እንዳላዩ አልፈውታል፤ በ1705 ነው የተከለከለው። ከመኳንንቱ በታች ያለው ዜጋ ምክር ቤት ባይገባም እንደ እድር ያለ የራሱ ማኅበር ነበረው፤ የሳን ሮኮ ማኅበር አዳራሽ ቲንቶሬቶ ከ20 ዓመት በላይ ደጋግሞ የሣለበት ነው።

ለሌላ ሃይማኖት ሰው ከተማዋ የሰጠችው ቦታ ሲያስፈልግ የሚከፈት፣ ሲመሽ የሚዘጋ ነበር። በ1516 አይሁድ ወደ አንዲት ደሴት እንዲሰበሰቡ ታዘዘ፤ ሌሊት በሩ ይቆለፋል፣ የጠባቂዎቹን ደመወዝ የሚከፍሉትም ራሳቸው ነዋሪዎቹ ነበሩ። ቦታ ስለጠበበ ቤቶቹ ወደ ላይ አደጉ፤ ዛሬም በካናሬጆ ከሌላው ሰፈር ፎቃቸው በዝቶ፣ ጣሪያቸው ዝቅ ብሎ ይታወቃሉ። ምኩራቦቹ የሚጎበኙት በአይሁድ ሙዚየም አስጎብኚ በኩል ነው፤ ቅዳሜ ዝግ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። በ1402 ከኢትዮጵያ ንጉሥ ከዐፄ ዳዊት የተላከ መልእክተኛ፣ አንቶኒዮ ባርቶሊ የተባለ የፍሎረንስ ሰው፣ ነብሮችን ይዞ ቬኒስ ገባ። ሲመለስ የእጅ ባለሙያዎችና የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት አብረው ሄዱ። ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ፍራ ማውሮ የተባለው መነኩሴ የዓለም ካርታውን ሲሥል ስለዚያ ምድር ኢትዮጵያውያን ካህናት በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ጽፏል፤ ለዚህ ነው በዘመኑ አውሮፓ ያልሰማቸው የኢትዮጵያ ወንዞችና አውራጃዎች እዚያ የተገኙት። ካርታው ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ የተሣለ ስለሆነ ኢትዮጵያ የምትፈለገው ከላይኛው አጋማሽ ነው። የሚገኘው በማርቻና ቤተ መጻሕፍት ጥንታዊ ክፍሎች ውስጥ ሲሆን በአደባባዩ ማዶ ባለው ኮሬር ሙዚየም በኩል መግባት ይቻላል። የዶጄው ቤተ መንግሥት ቲኬት ኮሬርንና ቤተ መጻሕፍቱንም ያካትታል፤ ቲኬቱን ከኮሬር የገዛ ሰው ደግሞ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ካለው ረጅም የቲኬት ሰልፍ ይተርፋል።