ስድስት ሚሊዮን ነጥብና የጋሼ ፊት

ስለ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ሲወራ የአብዛኞቻችን የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» የሚል ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በእጄ ያለችው ካኖን ፓወርሾት ኤ540 እ.ኤ.አ. በ2006 ገበያ ላይ የዋለች፣ አጎቴ ልደትና ሠርግ ሲያነሳባት የኖረች ናት። 6 ሜጋፒክስል አላት፤ ለዚህ መጽሔት ገጽ በቂ ነው። ስለ ቁጥሩ ይሄው ይበቃል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ዙም ነው። ባለፈው ሴሚስተር የላይብረሪያችን አንጋፋ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጡ የሽኝቱን ፎቶ እንዳነሳ ተነገረኝ። አዳራሹ ሞልቶ ስለነበር ከኋላ ቆሜ ዙሙን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። በትንሿ ስክሪን ቆንጆ ይመስል ነበር። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን የጋሼ ፊት የሻወር ቤት ሴራሚክ መስሏል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌንሱ ራሱ የሚያቀርበው 4 እጥፍ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዲጂታል ዙም ሲሆን ሥራው የምስሉን መሀል ቆርጦ መለጠጥ ነው። 4 እጥፍ ሲለጥጥ ወርዱም ቁመቱም ወደ ሩብ ስለሚወርድ ከ6 ሚሊዮኑ ነጥብ የሚቀረው 400 ሺህ እንኳ አይሞላም። በሌንሱ ብቻ ብንወሰንስ? እሱም ያስከፍላል። ሲረዝም ቀዳዳው ከኤፍ 2.6 ወደ ኤፍ 5.5 ይጠባል፤ የሚገባው ብርሃን ከሩብ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ሹተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ይቆያል፣ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ፎቶው ይደበዝዛል። አይኤስኦውን 800 ብናደርገው ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል። ፍላሹ ደግሞ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ከአዳራሽ ጀርባ ማብራት የፊተኞቹን ማጅራት ማብራት ነው።

ሌላው ብዙዎቻችን የማንጠቀምበት ማንሻውን በግማሽ መጫን ነው። ያኔ ካሜራዋ ፎከሱንና የብርሃኑን መጠን ቀድማ ትጨርሳለች፤ የቀረውን ስንጫን ወዲያው ታነሳለች። በአንዴ ከተጫነ ግን ሰውየው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው የምትደርሰው። ባትሪዋ ሁለት ተራ ድንጋይ ነው፣ የትም ሱቅ ይገኛል፤ ርካሹ ግን ቶሎ ስለሚሞት ቻርጅ የሚደረገውን ያዙ።

ጋሼ በሳምንቱ መጥተው «ልጄ፣ ፎቶዬስ?» አሉኝ። «ገና አልታጠበም» ብዬ ዋሸሁ። በማግስቱ እውነቱን ነግሬያቸው ወደ ላይብረሪው ሄድን። መስኮቱ አጠገብ አቆምኳቸውና ሁለት ሜትር ያህል ቀረብኩ፤ ዙም የለም፣ ፍላሽ የለም። ማንሻውን በግማሽ ይዤ ስጠብቅ «ቆይ አንዴ» ብለው ገቡና ከተተኪያቸው የበሩን ቁልፍ ተውሰው ተመለሱ። ከዚህ ጽሑፍ ጋር በወጣው ፎቶ ላይ በቀኝ እጃቸው የያዙት እሱን ነው።