ከጎበሳ ለፈተና የምትመጣው ተወዛዋዥ

ጥያቄ፦ ጎበሳ ነው የምኖረው፤ 19 ዓመቴ ነው። ለውዝዋዜ ቡድን ፈተና ብቻዬን አዲስ አበባ ልሄድ ነው። እናቴ ሰግታለች። ምን ልዘጋጅ?

መልስ፦ እናትሽ መስጋቷ ልክ ነው፤ ስለዚህ የፈተናውን ቦታ፣ የጠራሽን ሰው ስምና ስልክ ጽፈሽ ስጪያት። ብሔራዊ ቴአትር ወይም ሀገር ፍቅር ከሆነ ቦታው የታወቀ ነው፤ አስቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ። በሆቴል ክፍል ወይም በሰው ቤት ነው ካሉሽ፣ ወይም የመመዝገቢያ ብር ላኪ ካሉሽ፣ እባክሽ ልጄ፣ አትሂጂ።

በፈተናው ዕለት ጠዋት ተነስተሽ አትምጪ። አዲስ አበባ ከአሰላ እንኳ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎበሳ ደግሞ ከዚያም ይርቃል፤ ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርደሽ፣ የአዳማን ሙቀት አልፈሽ እንደገና ትወጫለሽ። ለሰዓታት ታጥፎ የተቀመጠ ወገብና አንገት ወዲያው አይታዘዝም። ቀድመሽ ገብተሽ ዘመድ ዘንድ እደሪ፤ ውሃ ጠጪ፤ በደንብ ተፍታቺ። ከፍታው አያስጨንቅሽ፤ አዲስ አበባም እንደ አሰላ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሳንባሽ ለምዶታል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ አመልካቾች ሁሉም የሚያውቀውን እስክስታ ይዘው ይቀርባሉ። አንቺ ግን የአካባቢሽን፣ የአርሲን ጭፈራ አስቀድሚ፤ የአንገቱንና የፀጉሩን ውርወራ ከልጅነቱ ያየ ሰው ሲሠራው ልዩነቱ ይታያል። ያም ሆኖ የከተማ ቡድኖች የብዙ ብሔረሰቦችን ውዝዋዜ በአንድ ምሽት ስለሚያቀርቡ ጉራጊኛውን አጥብቀሽ ተለማመጂ፤ የእግሩ ፍጥነት ትንፋሽሽን ይፈትናል። ሙዚቃሽን ስልክሽ ላይ ጭነሽ ያዢ፤ እዚያ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል።