ትሮፖኒን ከፍ ሲል የጨቅላው ልብ ታሟል ማለት ነው?

የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ትሮፖኒን የሚባለው ፕሮቲን ወደ ደም ይወጣል። ለአዋቂ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ ወሰኑን ካለፈ ልቡን እንጠረጥራለን። ለጨቅላ ሕፃን ግን ይህ ወሰን አይሠራም። ጤነኛው ራሱ ከአዋቂ ወሰን በላይ ሊያሳይ ይችላል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ከፍ ብሎ ነው በኋላ የሚወርደው። ሲኬ-ኤምቢም ብቻውን አያስተማምንም፤ በምጥ ጊዜ ሌላ ጡንቻ ሲጎዳም ይጨምራል።

ታዲያ ምርመራው ጥቅም የለውም? አለው እንጂ! ታፍኖ የተወለደ ሕፃን ኦክስጅን ሲያጥረው የሳንባው ደም ስሮች ይጠባሉ፣ የልቡ ቀኝ ክፍል ጫና ይበዛበታል፣ ጡንቻውም ይጎዳል። በእነዚህ ሕፃናት ትሮፖኒን ከጤነኞቹ በልጦ ይገኛል። ማወዳደር ያለብን ግን በዕድሜ ሰዓት እኩያው ከሆነ ጤነኛ ሕፃን ጋር ነው፤ ያውም በአንድ ዓይነት መሣሪያ።

ለእኛ ጅማ ላለነው ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ሪፈር የተጻፈለት ሕፃን እስኪደርስ ሰዓታት ያልፋሉ። ወረቀቱ ላይ የተወለደበት ቀን ብቻ ካለ የ6 ሰዓቱን ከ20 ሰዓቱ በምን እንለያለን? «2 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ጠዋት ይሁን ማታ፣ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር መገለጽ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ስለዚህ የትሮፖኒን ውጤት እስኪመጣ ተብሎ ኦክስጅን አይዘገይም፤ ውጤቱ የሚረዳን ከዚያ በኋላ ልቡን ለመከታተል ነው።